ጆሮ የማይደርስበት ትምህርት ቤት

ጠዋት ጠዋት የስፌት ቤቷን በር ከከፈተች በኋላ፣ መጋረጃውን ሳትሰበስብ፣ የስፌት መኪናዋንም ልብስ ሳትገልጥ፣ ቀኝ እጇን ትዘረጋና መዳፏን በጀርባው ግድግዳ ላይ ታሳርፋለች። ትንሽ ትቆያለች። ግድግዳው ጸጥ ካለ ልጆቹ ገና አልመጡም። ከተንቀጠቀጠ ገብተዋል፤ ቦርሳ እየወረወሩ፣ ዴስክ እየጎተቱ፣ ቦታ እየተሻሙ ነው። ያን ጊዜ «ገቡልኝ» ትልና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሥራ ትጀምራለች።

ከግድግዳው ማዶ የአንደኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱና የስፌት ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሠራው፣ ማን ኋላ መጥቶ እንደተደገፈበት የሚያስታውስ ሰው የለም። ልጆቹ በሰልፍ ሲገቡና ለእረፍት ሲወጡ በመርፌዋ ላይ ያለው ክር ሳይቀር ይርገበገባል። በእነዚያ ሰዓቶች ቀጥ ያለ ስፌት አትሰፋም። ቁልፍ ትተክላለች፣ ወይም ጠርዝ ትቀመቅማለች፣ ወይም ዝም ብላ ታዳምጣለች።

ሰፈሩ እትዬ ትርፌ ይላታል። ስሟ አይደለም። የምትሰፋው በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ በእያንዳንዱ ልጅ ቀሚስና ሱሪ ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ አጥፋ ትርፍ ጨርቅ ታስቀራለች። ልጁ ሲያድግ ስፌቱ ይፈታል፣ ልብሱም ይረዝማል። እኔም ትርፍ ካስቀረችላቸው ልጆች አንዷ ነኝ። ቀሚሴ ለዓመታት አብሮኝ ሲያድግ፣ የተፈታበት መስመር ሁሉ ከነመርፌው ቀዳዳ ይታይ ነበር። «ልጅን በዛሬው ልክ አትቁረጪለት» ትላለች፤ «ልጅ ከመቀስ ይፈጥናል።»

እሷ ራሷ ትምህርቷን ያቋረጠችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቷ በከተማው ሌላኛው ጫፍ በሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር፤ ልጆቿ ሳይነቁ ትወጣለች፣ ደክማ ትመለሳለች። አንድ ቀን ልጅቷ ትምህርት ቤት ወድቃ ክንዷ ተሰበረ።

«እናትሽ የት ናት? ብለው ጠየቁኝ» አለችኝ። «የት እንደሆነች አላውቅም። በደህናው እጄ ወደዚያ ብዬ አመለከትኩ። ወደዚያ ያለው ከተማው ሁሉ ነው እንግዲህ።»

እናቷ የሰማችው ሲመሽ ነው። እትዬ ትርፌ ይህን ስታወራ አትቀየምም። «ሰው እንዴት ልጁ እያለቀሰ የሰው አንሶላ ያጥባል? ስላልሰማ ነዋ። ቢሰማ ሳሙናውን ጥሎ ይመጣ ነበር» ትላለች። ስለ እናትነት ያላት ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ብቻ ሆነ፤ እናት ማለት የምትሰማ ሰው ናት።

ልጇ የመጣችው ዘግይታ ነው። ከባሏ ከግንበኛው ጋር ብዙ ዓመት ኖረው፣ ዘመድ አዝማዱ «ምነው?» ማለቱ ሰልችቶት ከተወ በኋላ፣ እነሱም ተስፋ ማድረጉን ለየብቻቸው ደብቀው መያዝ ከጀመሩ በኋላ ተወለደች። ስም ወጥቶላታል፤ ግን ሁሉም የሚላት ሚጣ ነው። ሚጣ ያደገችው በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ነው። ከግድግዳው ማዶ ልጆቹ ቁጥር ሲያወርዱ እሷም ከጠረጴዛው ሥር ትቀበላቸዋለች። የከሰዓቱ ፈረቃ አሥራ አራትን በአንድ ድምፅ ይዘል ነበር፤ ከልጁ ብዛት የተነሳ መምህሯ አትለየውም። ሚጣም አሥራ አራት የሚባል ቁጥር መኖሩን ሳታውቅ ቆየች። አባቷ ሊያርማት ቢሞክር «አባዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ተሳስቶ አንተ ብቻ አወቅህ?» ብላ አሳፈረችው።

የእናቷ ምኞት ትልቅ አልነበረም። ሚጣ ዕድሜዋ ሲደርስ ማዶ ትገባለች። በቃ። ብታስል ትሰማታለች፣ ብትስቅ ትሰማታለች፣ ብትወድቅ መቀሱን ጥላ በበሩ ዞራ ትደርስላታለች። ሌሎች ሴቶች ልጃቸውን ሐኪም ወይም ዳኛ ሲያደርጉ እሷ ከዚያ ክፍል አልፋ አታልምም ነበር።

ክፍሉ ግን ሞልቷል። ለሁለት ልጅ በተሠራ ዴስክ አምስት ይቀመጡበታል፤ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ልጅ አንድ እግሩን መተላለፊያው ላይ ተክሎ ነው የሚጽፈው። ዩኒፎርም ሊለኩ የሚመጡት ልጆች «ክንድህን ዘርጋ» ሲባሉ ወደ ጎን አይዘረጉም፤ ወደ ላይ ነው የሚያነሱት። ወደ ጎን ቦታ ያለበት ክፍል አይተው አያውቁም።

ወሬውን ያመጣችው ባለሱቋ ናት። ባለሱቋ ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ዳቦ፣ ደብተርና እርሳስ ትሸጣለች። የሁለቱ ወዳጅነት በቀን አሥር ጊዜ መጣላትን የሚችል ነው።

«ሰማሽ አንቺ?»

«ምን ልስማ? ጆሮዬ እንደሆነ ግድግዳው ጋ ነው።»

«ፈረቃው ሊቀር ነው። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ልጁ ሁሉ ሙሉ ቀን ይማራል።»

«እሰይ። ደግ ነገርም አንዳንዴ ይሰማል ለካ።»

«ቆዪ፣ አልጨረስኩም። ለሁሉም ቦታ ስለማይኖር አንደኛ ክፍል የሚመዘገበው ከዋናው መንገድ ወዲህ የሚኖር ልጅ ብቻ ነው። ከመንገዱ ወዲያ ያለው አዲሱ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ያለው። ትምህርት ቢሮው ወላጅ ይምከርበት ብሏል፣ ስብሰባ ይጠራል።»

እትዬ ትርፌ መቀሱን ከእጇ አላወረደችም።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለች።

«መኝታሽስ የት ነው?»

«እሱማ ከመንገዱ ወዲያ።»

«የሚጠየቀው መኝታሽ ነዋ።»

«የምተኛው እዚያ ነው። የምኖረው እዚህ ነው።»

«ይህችን ለዳይሬክተሩ ንገሪው፤ ቅኔ ይወዳል» ብላ ባለሱቋ ወደ ዳቦዋ ተመለሰች።

ያን ዕለት ግንበኛው የስፌት ቤቱን የመስኮት መዝጊያ ሊያወርድላት ሲመጣ፣ ገና በሩ ላይ ሳለ ነገረችው። እሱ ግን አልደነገጠም። አዲሱን ትምህርት ቤት ከሠሩት አንዱ እሱ ነው፤ እያንዳንዱን ክፍል ያውቀዋል።

«ታዲያ ምን ጎደለው?» አላት። «ግቢው ሰፊ፣ መስኮቱ ሰፊ። በዴስክ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚቀመጡት። አውቶቡስ አለው። የአንደኛ ክፍሉን ግድግዳ በዚህ እጄ ነው ያቆምኩት።»

«እሱን መች አልኩህ።»

«ንገሪኛ፣ ምን ጎደለው?»

«ጆሮዬ አይደርስበትም።»

ግንበኛው ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል» አለ ቀስ ብሎ፤ «አንቺ ደግሞ የቅርቡን ተሳለምሽው።»

ከጠረጴዛው ሥር ሚጣ «አባዬ፣ አውቶቡሱ መስኮቱ ይከፈታል?» አለች።

«ይከፈታል።»

«ሰው ሲናገር አትግቢ» አለች እናቷ።

ስብሰባው የተጠራው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አዳራሹ ራሱ በጣውላ ተከፍሎ ሁለት ክፍል ከሆነ ስለቆየ፣ ወላጆች የተጠሩት ወደ አንደኛ ክፍል ነው። እትዬ ትርፌ ያን ክፍል ለዓመታት ሰምታዋለች እንጂ ገብታበት አታውቅም። ጎረቤት ናትና ቀድማ ገባች። በልጅ ወንበር ላይ ጉልበቷን ወደ አገጯ አስጠግታ ተቀመጠች፤ ከዚያም ግድግዳዋን በዚያ በኩል አየችው። ጠርዝ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ጭንቅላታቸውን የሚያስደግፉበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በፀጉር ቅባት የጠቆረ መስመር ሆኗል። መስመሩ የሚጣ ቁመት ላይ ነው። በጣቷ ነካችው። «ከዚህ በኩል ይሞቃል» አለችኝ፤ «በእኔ በኩል ቀዝቃዛ ነው።»

ከመንገዱ ወዲህ ያሉት ወላጆች ቅርብ ናቸውና በጊዜ መጥተው ወንበሩን፣ ዴስኩን፣ የመስኮቱን ደፍ ሳይቀር ያዙት። ከመንገዱ ወዲያ ያሉት ሲደርሱ በሩ ላይ ተጣብቀው ቀሩ፤ የቀሩት ግቢው ውስጥ ቆመው በመስኮት ያዳምጡ ጀመር። ዳይሬክተሩ መነጽሩን እየጠረገ ስለ ደንቡ አስረዳ። ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ከኋላ «አይሰማም» ይሉታል፣ እሱም «ይቅርታ» ብሎ በዚያው ድምፁ ይቀጥላል።

መጀመሪያ የተነሳው ባለታክሲው ነው። ከመንገዱ ወዲህ ነው የሚኖረው። «ልጄ ከአራት ልጅ ጋር ተጣብቆ ሲጽፍ ጽሑፉ ሳይቀር ቀጠነ» አለ። «መስመሩ ላይ ሳይሆን መስመሩ ውስጥ ነው የሚጽፈው። እኔ እንኳ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር አምስት ስጭን ትራፊክ ይቀጣኛል። ትምህርት ቤቱን ማን ይቅጣው? ደንቡ ይጽደቅ።»

«አንተ መች ሦስት ጭነህ ታውቃለህ» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ከግቢው፣ በመስኮቱ በኩል፣ ነርሷ ድምጿን አነሳች። «መጣበቡን እኔም አውቀዋለሁ። በአንድ ልጅ ሳል ክፍሉ በሙሉ ያስላል፣ ኋላ እኔ ጋ ነው የሚመጡት። ግን የሚወጣው የእኔ ልጅ የሆነው በምን ጥፋቱ ነው? ዕጣ ይጣል።»

«በልጅ ዕጣ አይጣልም» አለ አንዱ ከውስጥ።

«በመንገድ ይከፈላል እንዴ ታዲያ?»

ጡረተኛው ተነሱ። ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ሽማግሌ ናቸው። «ታላቁ እዚህ ነው» አሉ። «ታናሹ በዚህ ደንብ ድልድይ ማዶ ሊሄድ ነው። ጠዋት እኔ አንዱን እግሬን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ተክዬ ልቁም? እግሬ እንደምታዩት ሁለት ነው፤ እሱም ድሮ ነው ሁለት የነበረው። ደግሞስ መንገዱ ድንበር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ስንጋባ መንገድ እየቆጠርን ነበር?»

እትዬ ትርፌ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ተነሳች። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልወጣ ብሎ ግማሽ ቆማ ግማሽ ተቀምጣ ነው የተናገረችው።

«እኔ የማይገባኝ የምንተኛበትን መጠየቃችሁ ነው» አለች። «ልጅ የሚማረው ቀን አይደለም? ቀን የት ነሽ በሉኝ። ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነኝ። ልጆቻችሁ ሲያለቅሱ ከእናንተ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ።»

ባለታክሲው «ግድግዳውን እናስመዝግበው እንዴ ታዲያ?» አለና ሳቁ ተመለሰ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

በዚያ ትምህርት ቤት ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት አይደለም። አንድ ጊዜ ስለ ዩኒፎርም ቀለም እጅ ሲቆጠር ከተሰብሳቢው በላይ እጅ ወጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ያወጣ አለ፣ ያዘለችውን ሕፃን እጅ ያስወጣችም ነበረች። ከዚያ ወዲህ የሚደግፍ በመስኮቱ በኩል፣ የሚቃወም በግድግዳው በኩል ሄዶ ይቆማል። ያን ቀን ግን ማን ይንቀሳቀስ? ሰው እንደ ተደረደረ ጡብ ነበር። እንደምንም ተገፋፍተው ቦታ ሲለዋወጡ ግድግዳው ጋ የደረሱት ጥቂት ሆኑ። የሚቃወመው አብዛኛው ሰው ግቢ ውስጥ ነው።

«እኛስ?» አለች ነርሷ በመስኮት።

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «መመሪያው በስብሰባው ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ነው የሚለው። ውስጥ ያላችሁ እባካችሁ ትንሽ ውጡና እነሱ ይግቡ።»

ማንም አልወጣም። ከወጣ ተመልሶ እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል።

ጡረተኛው ግድግዳውን ተደግፈው «ስለ ጥበቱ ልንነጋገር ተሰብስበን፣ ጥበቱ ራሱ ድምፅ ሰጠ» አሉ።

ደንቡ በዚህ ጸደቀ። እትዬ ትርፌ ጀርባዋን ለግድግዳዋ ሰጥታ እንደቆመች፣ በሰው ትከሻ መካከል፣ መስኮቱ ጋ ባለሱቋን አየቻት። ባለሱቋም አየቻት። ከዚያ ሁለቱም ወደ ወለሉ አዩ።

ብዙ ቀን አልተነጋገሩም። ባለሱቋ ዳቦ ሲደርስላት ለእሷ የምታስቀምጠውን ማስቀመጡን አልተወችም፤ እትዬ ትርፌ ግን ራቅ ካለው ሱቅ ትገዛ ጀመር። ኋላ አንድ ከሰዓት ባለሱቋ ራሷ ዳቦውን በፌስታል አንጠልጥላ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ ተሻገረች።

«ያኛው ሱቅ ዳቦ ደረቅ ነው» አለቻት።

«መስኮቱ ጋ ቆመሽ አየሁሽ።»

«ቆሜያለሁ። ልጄ አንድ እግሩን ውጭ ጥሎ ነው የሚማረው። ምን ላድርግ ታዲያ? ለልጄ ቆምኩ። አሁን ደግሞ ለልጅሽ መጥቻለሁ። ሚጣን በእኔ ቤት አስመዝግቢያት።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«የእህቴ ልጅ ናት፣ እኔ ጋ ነው የምትኖረው እላለሁ። ማን ፍራሽ ሊቆጥር ይመጣል? ደግሞ ውሸት መች ሆነ፤ እህቴ አይደለሽም?»

እትዬ ትርፌ ፌስታሉን ተቀበለቻት።

ግንበኛው ነገሩን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ የጫማውን ሲሚንቶ በእንጨት ሲፍቅ ቆየ። «ትምህርት ቤት የምናስገባት ውሸት አስጠንተን ነው?» አለ።

«አንዲት ቃል ናት።»

«ግድግዳ የሚጣመመው በአንዲት ጡብ ነው።»

«አንተ ጡብህን አውቃለህ፤ እኔ ልጄን አውቃለሁ።»

«እንግዲህ አንቺ እንዳልሽ» አለና ተወው። እሱ ሲተው ነው የሚያሸንፈው፤ ያን ቀን ግን እንዲያሸንፍ አልፈቀደችለትም።

ሚጣን ታስጠናት ጀመር። በካውያው አጠገብ አቁማ፣ እንደ ዳይሬክተር መነጽር የምትጠርግ መስላ።

«የት ነው የምትኖሪው?»

«ባለሱቋ አክስቴ ጋ።»

«ከማን ጋር ትተኛለሽ?»

«ከልጇ ጋር። ግን እሱ ይራገጣል።»

«አይራገጥም።»

«አንድ ቀን ረግጦኛል እኮ።»

«እሺ ይራገጣል በይ። እንዲያውም እውነት ይመስላል።»

በምዝገባው ቀን የስፌት ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ለዓመታት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከቀትር በፊት እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመለሱ ባለሱቋ ከመደርደሪያዋ ጀርባ ወጥታ ጠበቀቻቸው።

«አልተቀበሉንም» አለች እትዬ ትርፌ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሰፈሩ የሚያውቀው ይህን ነው። ባለሱቋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዳይሬክተሩ ሰላምታ ነፈገችው፤ እርሳስ ሊገዛ ሲመጣ «አልቋል» ትለዋለች፣ እርሳሱ ፊቱ ተደርድሮ እያለ። ባለታክሲው ሳይቀር «ለአንዲት ሕፃን ቦታ ጠፋ? እኔ ብሆን አንድ እጨምር ነበር» ብሎ አማው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዳይሬክተሩ ጆሮ ግን ባዳ አልነበረም፣ ሁሉንም ሰምቷል። አንድ ቀን እንኳ ራሱን አልተከላከለም። እርሳሱንም ከሩቅ ይገዛ ጀመር።

አሁን ሚጣ በአውቶቡስ ትሄዳለች። አባቷ ከመንገዱ ወዲያ፣ ከቤታቸው አጠገብ፣ አሳፍሯት ወደ ሥራው ያልፋል። አሥራ አራትን ታውቃለች። በዴስክ ሁለት ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ የጎኗ ልጅ ግራኝ እንደሆነች፣ ክንዳቸው እንዳይጋጭ ቦታ እንደተለዋወጡ እናቷ የሰማችው ከሰነበተ በኋላ፣ ያውም ሚጣ ለአባቷ ስታወራ ነው። «ዛሬ እንዴት ነበር?» ስትባል «ደህና» ነው መልሷ። አንድ ምሽት ልጅቷን ስታጥብ ጉልበቷ ላይ የደረቀ ቁስል አገኘች።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ያኔ ነዋ።»

«ያኔ መቼ?»

«ድሮ። አልፏል እኮ እማዬ።»

ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያን ጉልበት ይዛ ቆየች።

በእረፍት ሰዓት ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ አሁንም ፔዳሉን ታቆማለች። ክፍሉ ሰፋ ብሏል፤ በዴስክ ሦስት ናቸው፣ ቁጥር ሲያወርዱ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚያለቅስ ካለ ማልቀሱን፣ የሚስቅ ካለ መሳቁን ትለያለች። «ደስ ይላል» አለችኝ፤ «የልጅ ድምፅ መቼም ክፉ የለውም። ግን ሰምቼ የምነሳለት አይደለም። ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው።»

አንድ ጊዜ የጀመረችውን ኮሌታ ከመርፌው ሥር ሳታወጣ ትታው ተነስታ ድልድዩን ተሻግራለች። ከአዲሱ ትምህርት ቤት አጥር ውጭ፣ የአንደኛ ክፍሉ ነው ብላ በገመተችው ግድግዳ ትይዩ ቆማ ጠበቀች። ነፋስ ነበር፣ የመኪና ድምፅ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። ዘበኛው «ሰው ይፈልጋሉ?» አላት። «አይ፣ እያለፍኩ ነው» አለችው። ለእኔ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። «አባቷ ደህና አድርጎ ነው የገነባው፤ ጠብ የሚል ድምፅ የለም። እንዲህ ጎበዝ መሆኑን ባውቅ ደህና ደመወዝ ጠይቅ እለው ነበር።» ሳቋ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጣቷ ላይ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ ስትጠቀልል ቆየች።

ስለ እሷ ልጽፍ እንደምፈልግ ስነግራት ትከሻዬን እየለካች ነበር። መጀመሪያ «ምን ይጻፋል ስለ እኔ፣ ስለ ጨርቅ ጻፊ» አለችኝ። ኋላ ግን ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገረችኝ፤ የእናቷን አንሶላ፣ ስብሰባውን፣ ድልድዩን።

«ጻፊው እንግዲህ» አለች። «ባለሱቋንም ብታሞካሺያት አልከፋም፣ የሚገባት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ተዪልኝ።»

ያቺ አንዲት ነገር ይህች ናት። በምዝገባው ቀን ዳይሬክተሩ እምቢ አላለም። ሚጣ የተጠናችውን ሁሉ ሳትሳሳት መለሰች፣ መራገጡን እንኳ አልረሳችም። እሱ ቀና ብሎ እናትየውን አየ፤ እንዳወቀ አወቀች፤ ግን ምንም ሳይል ብዕሩን አነሳ። ከዚያ ለወጉ ያህል፣ ለሕፃን እንደሚባለው፣ «እንግዲህ እዚህ ልትማሪ ነው፤ ደስ አለሽ?» አላት። ሚጣ ግድግዳውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ድምጿንም ዝቅ አድርጋ፣ እናቷ ሳትሰማ ለእሱ ብቻ የምትነግረው መስሏት፣ «እኔስ ሩቁን ነው የምፈልገው። እዚህ እማዬ ትሰማኛለች» አለችው።

ዳይሬክተሩ ብዕሩን እንደያዘ «ልጻፋት?» ብሎ ጠየቀ።

«ተዋት» ያለችው እናቷ ናት።